ፓይተንን ከጃቫ ጋር ማስኬድ፦ ከጃይተን እስከ ግራልፓይ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ?

ዋናው ሲስተም በጃቫ ተጽፎ ለዓመታት አገልግሏል። አዲሱን ክፍል የሚሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ የሚጽፉት በፓይተን ነው። አዲሱ ክፍል የማጭበርበር ምልክት የሚለይ ሞዴል፣ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያጠራ ኮድ፣ ወይም በየጊዜው የሚቀያየር የክፍያ ቀመር ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለማገናኘት መንገድ አይጠፋም፤ ሰው የሚቸገረው መንገዱ ስለበዛ ነው። ጃይተን፣ ግራልፓይ፣ ጄፕ፣ ጄፓይፕ፣ ፓይፎርጄ፣ ለብቻው የሚነሣ ፕሮሰስ (በራሱ ሜሞሪ የሚሮጥ ፕሮግራም)፣ ለብቻው የቆመ ሰርቪስ፣ ሁሉም ፓይተንንና ጃቫን እናገናኛለን ይላሉ። ውስጣቸው ሲታይ ግን አሠራራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ አንዱ ባለበት የሚሠራ ኮድ ሌላው ላይ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ብዙዎች ንጽጽሩን የሚጀምሩት ከፍጥነት ነው። እኔ ፍጥነትን ሦስተኛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንደኛው ጥያቄ የፓይተኑ ኮድ ምን ዓይነት ላይብረሪ ይጠራል የሚለው ነው። ነምፓይ፣ ፓንዳስና ፓይቶርች ከላይ ሲታዩ ፓይተን ናቸው፤ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ክፍላቸው ግን በሲና በሲፕላስፕላስ የተጻፈና ለአንድ የተወሰነ የፓይተን ራንታይም (ኮዱን ለሚያስኬደው ፕሮግራም) የተዘጋጀ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ፓይተኑ ሲወድቅ ማን አብሮት ይወድቃል የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ በቅንነት ከተመለሱ ከዝርዝሩ ግማሽ ያህሉ ወዲያው ይወጣል። ሦስተኛው፣ አንድ ሥራ እስኪያልቅ ኮዱ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስንት ጊዜ ይሻገራል የሚለው ነው፤ የፍጥነቱ ጉዳይም በአብዛኛው ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ፓይተን ስንል ቋንቋውንና ራንታይሙን መለየት ያስፈልጋል። አብዛኞቻችን ኮምፒውተራችን ላይ የጫንነው ሲፓይተን የሚባለውን፣ በሲ የተጻፈውን ራንታይም ነው። ጃይተንና ግራልፓይ ቋንቋውን ወስደው በጃቫው ማሽን፣ በጄቪኤም ላይ እንደገና የሠሩ ናቸው። ጄፕና ጄፓይፕ ግን እውነተኛውን ሲፓይተን ከጄቪኤም ጋር በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያኖሩታል። የቀሩት፣ ሁለቱን ራንታይሞች በየፕሮሰሳቸው ትተው፣ በመካከላቸው መልእክት ያመላልሳሉ።

ጃይተን፦ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ፣ ለአዲስ ሥራ ግን የማይመረጥ

ጃይተንን በ1997 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጀመረው ጂም ሁጉኒን ነው፤ የመጀመሪያ ስሙ ጄፓይተን ነበር። ይኸው ሰው የነምፓይ ቀዳሚ የሆነውን ኑመሪክንም የጀመረ ነው። ሆኖም ጃይተን ነምፓይን ማስኬድ አይችልም፤ የሲ ላይብረሪዎች የሚጠብቁት የሲፓይተን ውስጣዊ አሠራር በጄቪኤም ላይ የለምና።

ጃይተን የፓይተኑን ኮድ ወደ ጃቫ ባይትኮድ (ጄቪኤም ወደሚያነበው ትእዛዝ) ይቀይረዋል። በዚህ የተነሣ የጃቫ ክላስን ልክ እንደ ፓይተን ሞጁል ኢምፖርት ማድረግ፣ ከጃቫ ክላስ መውረስ፣ ጃቫ ለሚጠብቀው ኢንተርፌስ የፓይተን ክላስ መስጠት ሁሉ ያለ ድልድይ ይሆናል። በሲፓይተን ትሬዶችን (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን) በየተራ የሚያስጠብቀው ጊል የሚባለው ቁልፍም ጃይተን ውስጥ የለም፤ ትሬዶቹ እውነተኛ የጃቫ ትሬዶች ናቸው። በውህደት ረገድ ብቻ ቢመዘን ዛሬም የሚያክለው የለም ብዬ አምናለሁ። በዌብሎጂክ አስተዳደር ስክሪፕቶች፣ በፊጂ የምስል ትንተና፣ በኢግኒሽን የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ውስጥ የገባውም ስለዚህ ነው።

ችግሩ ያለው ቨርዥኑ ላይ ነው። ጃይተን የቆመው ፓይተን 2.7 ላይ ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ ጥር 2020 ላይ አበቃ፤ የመጨረሻው 2.7.18 የወጣው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ነው። ጃይተን ራሱ ከዚያ በኋላም የጥገና ቨርዥኖች አውጥቷል፤ 2.7.4 የወጣው በ2024 ነው። በፓይተን 3 ላይ የቆመ፣ ለምርት የደረሰ ጃይተን ግን የለም። ዛሬ የሚጻፉ የፓይተን ላይብረሪዎች፣ ንጹሕ ፓይተን የሆኑት እንኳ፣ በ2.7 አይነሡም።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ሌላም ሸክም አለበት። ፓይተን 2 የባይት ስትሪንግንና የዩኒኮድ ስትሪንግን የሚይዘው በሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ በዝምታ በአስኪ (የእንግሊዝኛን ፊደላት ብቻ በሚያውቀው የፊደል ኮድ) ለመቀየር ይሞክራል። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተሞከረ ስክሪፕት ምንም ሳይል ያልፍና የመጀመሪያው በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የደንበኛ ስም ሲገባ ይወድቃል። የምትይዙት መረጃ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ሌላ በፊደል የሚጻፍ ቋንቋ ካለበት፣ ይህ ብቻ አዲስ ሥራ በጃይተን ላለመጀመር በቂ ምክንያት ነው። የምትጠቀሙበት ምርት ጃይተንን በውስጡ ይዞ ከመጣ ግን ምርጫው የእናንተ አይደለም። ያኔ በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ የስትሪንግ መጻፊያው ሁሉ ዩኒኮድ እንዲሆን የሚያደርገውን የፊውቸር ኢምፖርት (የፓይተን 3ን ሕግ በፓይተን 2 የሚያበራ መስመር) አስገቡ፤ የፋይሉንም ኢንኮዲንግ (የፊደል ኮድ) ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ አስታውቁ።

ግራልፓይ፦ ዘመናዊው ወራሽ

ግራልፓይ የቆመበት ግራልቪኤም (የኦራክል የጄቪኤም ዓይነት) ለምርት የተባለው የመጀመሪያ ቨርዥኑ፣ 19.0፣ የወጣው በግንቦት 2019 ነው። በላዩ ትራፍል የሚባል መሠረት አለ፤ በትራፍል የተጻፈ የቋንቋ ኢንተርፕሪተር ከግራል ጂት ኮምፓይለር (ኮዱ እየሮጠ ሳለ ከሚተረጉመው) ጋር ተጣምሮ ወደ ማሽን ኮድ ይወርዳል። ጃቫስክሪፕትና ሩቢ በዚህ መንገድ ተሠርተዋል፤ የፓይተኑ ግራልፓይ ይባላል፤ ፓይተን 3ንም ይደግፋል። ከ2023 መጸው ወዲህ እንደ ማንኛውም የጃቫ ላይብረሪ በሜቨን (የጃቫ ላይብረሪ ማምጫ መሣሪያ) ጥገኝነት ብቻ ወደ ፕሮጀክት ማስገባት ይቻላል። ሰርቨሩ ላይ ፓይተን ለብቻው መጫን አያስፈልግም፤ አንድ የጃር ፋይል ይዞ የሚጓዝ ቡድን የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

አሠራሩ ኮንቴክስት በሚባል ክፍል ላይ የተመሠረተ ነው። ከጃቫ ኮንቴክስት ትከፍታላችሁ፣ በውስጡ የፓይተን ኮድ ታስኬዳላችሁ፣ ውጤቱን ትቀበላላችሁ። ኮንቴክስቱ ሲከፈት በመሠረቱ ዝግ ነው፦ ፋይል እንዲያነብ፣ ኔትወርክ እንዲደርስ፣ የጃቫ ክላሶችን እንዲያይ ካልፈቀዳችሁለት አይችልም። የበይነመረብ ምሳሌዎች አብዛኞቹ በአንድ መስመር ሁሉንም ፈቃድ ይከፍቱታል። ለሙከራ ይሁን፤ ምርት ላይ ግን እንዲህ ያለ መስመር ካገኛችሁ አስወጡትና የሚያስፈልገውን ብቻ በስም ፍቀዱ። የምታስኬዱት ስክሪፕት ከተጠቃሚ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ይህም ብቻውን አይበቃም፤ የጊዜና የሜሞሪ ገደብ፣ ቢቻልም የተለየ ፕሮሰስ ያስፈልጋል።

ሰዎች ግራልፓይን ሞክረው ቀርፋፋ ነው ብለው የሚተዉባቸው ሁለት ተደጋጋሚ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ኮምፓይለሩ ነው፦ ግራልፓይ በተራ ኦፕንጄዲኬ (በተለመደው ክፍት ምንጭ ጃቫ) ላይ ይነሣል፤ ነገር ግን የግራል ኮምፓይለር ስለሌለ የሚሮጠው በኢንተርፕሪተር ብቻ ነው። ሲነሣ ይህንኑ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ያትማል፤ ሎግ የማያነብ ሰው ያልፈዋል። መለኪያችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ያ ማስጠንቀቂያ እንደሌለ አረጋግጡ። ሁለተኛው ሙቀት፣ ማለትም ኮዱ እስኪፈጥን የሚወስደው ጊዜ፣ ነው። የጂት ኮምፓይለር ኮዱን ደጋግሞ አይቶ ነው የሚያፈጥነው፤ አንዴ ተነሥቶ ወዲያው ለሚያልቅ ሥራ ጥቅሙ ሳይታይ ያልቃል። ለብዙ ሰዓት ለሚቆይ ሰርቨር ግን ንጹሕ የፓይተን ሉፕ ከሲፓይተን በላይ ሊፈጥን ይችላል። በየጥያቄው አዲስ ኮንቴክስት የምትከፍቱ ከሆነ ሁሉም አንድ ኢንጂን እንዲጋሩ አድርጉ፤ አለዚያ እያንዳንዱ ከዜሮ ይሞቃል።

የሲ ላይብረሪዎችስ? እዚህ ግራልፓይ ከጃይተን ይለያል፤ ነምፓይንና መሰሎቹን ለማስኬድ ድጋፍ አለው። ድጋፉ ግን በመንገድ ላይ ያለ ነው። ለሲፓይተን ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ፓኬጅ እንዳለ መጫን አይቻልም፤ ለግራልፓይ እንደገና ኮምፓይል መደረግ አለበት። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ በብዙ ኮንቴክስቶች የሲ ላይብረሪ መጠቀምም ገደብ አለበት። ፍርዴ ይህ ነው፦ ኮዱ ንጹሕ ፓይተን ከሆነ ግራልፓይን ያለ ስጋት ውሰዱ። ነምፓይ ብቻ ከሆነ በትክክለኛው ቨርዥን ሞክሩት። ፓይቶርችና አጃቢዎቹ ካሉበት ግን ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ።

ጊል እዚህም አለ። ከጃይተን የሚመጣ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢገባ በብዙ ትሬድ ይሮጥ የነበረ ስክሪፕት በየተራ ሲጠብቅ ያገኘዋል። ፈቃዱም ሁለት ዓይነት ነው፤ የማኅበረሰቡ ቨርዥን ክፍት ምንጭ ሲሆን የኦራክሉ ቨርዥን በነጻ ቢሰጥም የራሱ የውል ቃል አለው። የድርጅታችሁ የሕግ ክፍል ከምርት በፊት ያንብበው።

ጄፕ፦ እውነተኛውን ፓይተን በጃቫው ፕሮሰስ ውስጥ

ጄፕ ሲፓይተንን ራሱን በጄኤንአይ (ጃቫ የሲ ኮድ የሚጠራበት መግቢያ) በኩል ጄቪኤም ውስጥ ይጭነዋል። የሚሮጠው ያው የምታውቁት ፓይተን ስለሆነ ነምፓይም ፓንዳስም ፓይቶርችም ይነሣሉ። ከጃቫ የሚመጣን የቁጥር አሬይ ለነምፓይ ያለ ኮፒ የማጋራት ዘዴም አለው፤ ትልልቅ ማትሪክስ ለሚያመላልስ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው በዚህ ነው። መቶ ሜጋባይት አሬይ በሶኬት ከመላክና ያንኑ ሜሞሪ ሁለቱም ወገን እንዲያዩት ከማድረግ የቱ እንደሚሻል ክርክር የለበትም።

ዋጋው ግን በሦስት በኩል ይከፈላል።

የመጀመሪያው ትሬድ ነው። የጄፕ ኢንተርፕሪተር የሚሠራው በከፈተው ትሬድ ላይ ብቻ ነው። የጃቫ ዌብ ሰርቨሮች ደግሞ ጥያቄን ባገኙት ትሬድ ላይ ይጥላሉ። ስለዚህ ለፓይተን ብቻ የተወሰኑ ትሬዶች አቁማችሁ ሥራውን በወረፋ ማቀበል አለባችሁ። ይህን ንድፍ ከመጀመሪያው ቀን ያልሠራ ቡድን በኋላ መላ ኮዱን ይገለብጣል። ጊልም ስላለ፣ ትሬዶቹን ማብዛት የፓይተኑን ስሌት አያበዛውም፤ የሚረዳው ነምፓይን የመሰለ ላይብረሪ ቁልፉን ለቅቆ በሲ ውስጥ ሲሠራ ነው። ጊልን የማንሣቱ ሥራ በፓይተን በኩል ተጀምሯል፤ 3.13 በጥቅምት 2024 ሲወጣ ያለ ጊል የሚሄድ የሙከራ ቅጂ ነበረው። ዛሬ ምርት የሚነድፍ ሰው ግን ጊል አለ ብሎ ቢነድፍ ይሻለዋል።

ሁለተኛው የኢንተርፕሪተሩ ዓይነት ነው። ጄፕ የተጋራ እና የተነጠለ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። የተነጠለው እያንዳንዱን ስክሪፕት ከሌላው ይለያል፤ ሐሳቡ ያምራል። ብዙ የሲ ላይብረሪዎች ግን በአንድ ፕሮሰስ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጫኑ አድርገው ስለተጻፉ በተነጠለው ውስጥ ይሰናከላሉ። ነምፓይ ካለ የተጋራውን ተጠቀሙ፤ ሞጁሎች የጋራ እንደሚሆኑም አስቡበት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በሲ ላይብረሪ ውስጥ የሜሞሪ ስሕተት ከተፈጠረ የሚሞተው ፓይተን ብቻ አይደለም፤ ጄቪኤሙ በሙሉ ይወድቃል። የጃቫ ትራይ ካች (ስሕተት መያዣው) አያድነውም። በዚያች ሰዓት ሰርቨሩ ላይ የነበሩ ጥያቄዎች ሁሉ፣ ከፓይተኑ ጋር ግንኙነት የሌላቸውም ጭምር፣ ይቋረጣሉ። የሌሊት የትንተና ሥራ ከሆነ እንደገና ይነሣል፤ ምንም አይደለም። የክፍያ ሲስተም ከሆነ ግን እኔ በበኩሌ ጄፕን አላስገባም፤ የፍጥነቱ ትርፍ ምንም ያህል ቢሆን።

አጫጫኑም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጄፕ የሚዘጋጀው ለተወሰነ የፓይተን ቨርዥን ነው፤ የፓይተን ዝማኔ በስርዓተ ክወናው በኩል ሳይታወቅ ሲገባ ጃቫው በማግስቱ ላይነሣ ይችላል። በኮንቴይነር ውስጥ ቨርዥኑን ቆልፉት። ጃቫም በዚህ በኩል ቁጥጥሩን እያጠበቀ ነው፤ ከመጋቢት 2025ቱ ጄዲኬ 24 ጀምሮ ጄኤንአይን የሚጠቀም ኮድ በማስነሻው ትእዛዝ ላይ ካልተፈቀደለት ማስጠንቀቂያ ያሰማል፤ ወደፊት ክልከላ እንደሚሆንም ተነግሯል። ፈቃዱን ከአሁኑ ማስነሻው ላይ ጻፉት። ይህ ለጄፓይፕም ያገለግላል።

ጄፓይፕ፦ አስተናጋጁ ፓይተን ሲሆን

እስካሁን ያየነው ጃቫ ፓይተንን ሲያስተናግድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፍላጎቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ መሪው የፓይተን ፕሮግራም ሆኖ የሚፈልገው አንድ የጃቫ ላይብረሪ ብቻ ነው፤ የዳታቤዝ ድራይቨር ወይም የፒዲኤፍ መሣሪያ። ጄፓይፕ ለዚህ ነው የተሠራው። በፓይተን ፕሮሰስ ውስጥ ጄቪኤም ያስነሣል፤ የጃቫ ክላሶችም እንደ ፓይተን ክላስ ይጠራሉ። ጥሪው ወደ ጃቫ ሲገባ ጊልን ይለቃል፤ ስለዚህ ረጅም የጃቫ ሥራ የፓይተኑን ሌሎች ትሬዶች አያስቆምም።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ጄቪኤም በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተዘጋ ዳግም አይነሣም። ቴስቶቻችሁ እያንዳንዳቸው ከፍተው የሚዘጉ ከሆነ ከሁለተኛው ጀምሮ ይወድቃሉ። ጄቪኤም ከተነሣ በኋላ ፕሮሰሱን በፎርክ (ያለውን በመቅዳት) ማባዛትም አይቻልም፤ የመልቲፕሮሰሲንግ ሞጁሉን ስፖውን በሚባለው፣ አዲስ ፕሮሰስ ከባዶ በሚያስነሣው መንገድ ተጠቀሙ።

ከጃይተን ወደዚህ የተሸጋገረ ታዋቂ ምሳሌ ጊድራ ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ለሕዝብ የለቀቀው የሶፍትዌር መመርመሪያ። ለዓመታት ስክሪፕቶቹ በጃይተን ይጻፉ ነበር፤ አሁን ፓይጊድራ በሚባለውና በጄፓይፕ ላይ በቆመው ክፍል ዘመናዊ ፓይተን 3ን ያስኬዳል። ድልድዩን ሠርተው አስተናጋጁን ፓይተን አደረጉት፤ ተጠቃሚዎቻቸውም የፓይተንን ላይብረሪዎች ሁሉ አገኙ።

ፓይፎርጄና የስፓርክ ትምህርት

ፓይፎርጄ ሁለቱን ራንታይሞች አይቀላቅልም። ጃቫው አንድ የመግቢያ ሰርቨር በሶኬት ይከፍታል፤ በልማድ ፖርቱ 25333 ነው፤ ፓይተኑ በዚያ በኩል ትእዛዝ ይልካል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይተርፋል፤ ቨርዥን ማጣጣምም አያስቸግርም። ነገር ግን እያንዳንዷ የሜተድ ጥሪ በሶኬት ደርሶ መልስ ናት። በሉፕ ውስጥ መቶ ሺህ ጊዜ የጃቫ ኦብጀክት የሚነካ ኮድ እዚህ ያንቃችኋል። የባይት አሬይ ደግሞ በቤዝ64 ጽሑፍ ተቀይሮ ነው የሚላከው፤ ለትልቅ ዳታ አልተሠራም።

ፓይስፓርክ፣ ማለትም ትልቅ ዳታን በብዙ ማሽኖች የሚያሠራው የስፓርክ የፓይተን ገጽታ፣ ይህንን ጠንቅቆ ያሳያል። መሪው የፓይተን ፕሮግራም ለስፓርኩ ጃቫ ትእዛዝ የሚሰጠው በፓይፎርጄ ነው፤ ትእዛዝ ጥቂትና አጭር ስለሆነ ይበቃዋል። ዳታው ግን በዚያ አያልፍም። በየሠራተኛ ማሽኑ ላይ የፓይተን ፕሮሰሶች ይነሡና መስመር በመስመር በፒክል (በፓይተን የመጠቅለያ ፎርማት) እየተጠቀለለ ይላክላቸው ነበር፤ ይህም እጅግ ይጎተት ነበር። በ2018 ከስፓርክ 2.3 ጋር አፓቺ አሮው ገባ፤ ዳታው በዓምድ ተደርድሮ በትልልቅ ክምር መሻገር ጀመረ። ቋንቋውም ራንታይሙም ያው ነው፤ የተቀየረው የማሻገሪያው መንገድ ብቻ ነው። ፍጥነትን በተመለከተ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፦ ቋንቋ ከመቀየራችሁ በፊት ድንበሩን የምትሻገሩበትን ቁጥር ቀንሱ።

በፓይፎርጄ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ። መግቢያውን ከራሱ ማሽን ውጭ አትክፈቱት፤ የማረጋገጫ ቶክኑንም አብሩ፤ ፖርቱን የደረሰበት ሁሉ ጃቫችሁን ማዘዝ ይችላልና። ፓይተኑ የያዛቸው የጃቫ ኦብጀክቶችም ፓይተኑ እስኪለቃቸው ድረስ ጃቫው ውስጥ ይቆያሉ፤ ቀስ በቀስ የሚያድግ ሜሞሪ ካያችሁ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

ለብቻው የሚነሣ ፕሮሰስ

ብዙ ሰው ይህን እንደ ጊዜያዊ መላ ያየዋል። እኔ ግን ለአብዛኛው ቡድን የመጀመሪያው ምርጫ መሆን አለበት ባይ ነኝ። ጃቫው የፓይተን ፕሮሰስ ያስነሣል፣ በመግቢያው ጄሰን (በጽሑፍ የተደረደረ ዳታ) ይጽፍለታል፣ ከመውጫው ያነባል። ምንም ተጨማሪ ላይብረሪ አይፈልግም፤ ማንኛውም የፓይተን ፓኬጅ ይሠራል፤ ፓይተኑ ቢወድቅ ጃቫው ሌላ ያስነሣል።

የሚያስቸግሩት ጥቂት ነገሮች ሁሌም አንድ ዓይነት ናቸው። ፕሮሰሱን በየጥያቄው አታስነሡ፤ ፓንዳስን ኢምፖርት ማድረግ ብቻ ከሥራው ሊረዝም ይችላል። አንዴ አስነሥታችሁ በመስመር አንድ ጥያቄ፣ በመስመር አንድ መልስ አድርጉት። ፓይተን መውጫው ተርሚናል ካልሆነ ጽሑፉን አጠራቅሞ ነው የሚለቀው፤ ከየመልሱ በኋላ እንዲያፈስ እዘዙት፤ አለዚያ ጃቫው የማይመጣ መልስ ይጠብቃል። የስሕተት መውጫውንም ጃቫው ማንበብ አለበት። ሊኑክስ ላይ ፓይፑ (ጽሑፉ የሚያልፍበት ቱቦ) በመሠረቱ 64 ኪሎባይት ነው የሚይዘው፤ ሲሞላ ፓይተኑ ባለበት ይቆማል፤ ሁለቱም ዝም ብለው ይተያያሉ።

ገንዘብ የምታመላልሱ ከሆነ በጄሰን ውስጥ እንደ ቁጥር አትጻፉት። ፓይተን የጄሰን አስርዮሽን በልማድ ወደ ፍሎት (ግምታዊ አስርዮሽ) ይቀይራል፤ ሳንቲሙ የሚዛነፈው እዚያ ነው። በስትሪንግ ላኩትና በፓይተኑ በኩል ዴሲማል፣ በጃቫው በኩል ቢግዴሲማል አድርጉት።

የግዕዝ ፊደል ጉዳይ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ጃቫ ከ18ኛው ቨርዥን፣ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ፣ የልማድ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ 8 አድርጓል። በዊንዶውስ ላይ ግን በፓይፕ የሚጽፍ ፓይተን እስካሁን በስፋት በሚሠራባቸው ቨርዥኖች የስርዓተ ክወናውን የአካባቢ ኢንኮዲንግ ነው የሚጠቀመው፤ ያ ኢንኮዲንግ ፊደላችንን አያውቀውም። ሊኑክስ ላይ ያለ ችግር የሠራ ኮድ የደንበኛው ዊንዶውስ ላይ "አበበ" የሚለውን ስም ለማተም ሲሞክር ይሰናከላል። መፍትሔው ፕሮሰሱን ስታስነሡ የፓይተንን የዩቲኤፍ 8 ሞድ የሚያበራውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል) ማስቀመጥ ነው፤ ሞዱ ከፓይተን 3.7 ጀምሮ አለ። በጃቫውም በኩል ንባቡን በግልጽ ዩቲኤፍ 8 በሉት፤ ለልማድ አትተዉት።

ሌላ ረቂቅ ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም መንገድ ይከተላችኋል። ጃቫ የስትሪንግን ርዝመት የሚቆጥረው በዩቲኤፍ 16 አሃድ ነው፤ ፓይተን 3 በዩኒኮድ ፊደል። ለተለመዱት የአማርኛና የትግርኛ ፊደላት ሁለቱ እኩል ይመጣሉ። በ2021 በዩኒኮድ 14 የገቡት የጉራጊኛ ተጨማሪ ፊደላት ግን ከመሠረታዊው የዩኒኮድ ክፍል ውጭ ናቸው፤ ጃቫ እያንዳንዱን ሁለት ብሎ ይቆጥራል፣ ፓይተን አንድ። ፓይተኑ "ቃሉ ከ12ኛው እስከ 17ኛው ፊደል ነው" ብሎ ቦታ ቢመልስ ጃቫው ሌላ ቦታ ይቆርጣል። ቦታን ሳይሆን ቃሉን ራሱን አሻግሩ።

ጥሪው ከበዛ ወይም ፓይተኑ ጂፒዩ ያለበት ሌላ ማሽን ከፈለገ ያው ሐሳብ ወደ ሰርቪስ ያድጋል፤ በኤችቲቲፒ ወይም በጂአርፒሲ (በኔትወርክ የሌላን ፕሮግራም ሜተድ መጥሪያ ዘዴ)። ስፓርክም ራሱ በ2023 በ3.4 ያመጣው ስፓርክ ኮኔክት ከፓይፎርጄ ወጥቶ በጂአርፒሲ የሚነጋገር ነው። የሚጨመረው ሸክም የአሠራር ነው፦ ክትትል፣ የጊዜ ገደብ፣ ዳግም ሙከራ፣ የሁለት ሰርቪስ ቨርዥን ማጣጣም።

ፓይተኑን ጨርሶ አለማስኬድ

ከፓይተን የምትፈልጉት የሠለጠነ ሞዴል ብቻ ከሆነ፣ ሞዴሉን በኦኒክስ ፎርማት (ከቋንቋ ነጻ በሆነ የሞዴል ፋይል) አውጥታችሁ በኦኒክስ ራንታይም የጃቫ ላይብረሪ ማስኬድ ይቻላል። ያኔ ፓይተን ለሥልጠና ብቻ ይቀራል። የምትጠነቀቁበት ነጥብ ቅድመ ዝግጅቱ ነው። የአማርኛ ሞዴል ብዙ ጊዜ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ አምጥቶ ነው የሚሠለጥነው። ያ ኮድ ፓይተን ውስጥ ቀርቶ ጃቫው ጥሬውን ጽሑፍ ከሰጠ ሞዴሉ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ውጤቱ ይበላሻል። የማስተካከያ ሠንጠረዡን በአንድ ፋይል አኑሩትና ሁለቱም ወገን ያንኑ ያንብቡ፤ በሁለቱም ላይ የሚሮጥ አንድ ዓይነት ቴስትም ይኑረው።

እንግዲህ የትኛውን?

የንግድ ሕጎችን ወይም ቀመሮችን በስክሪፕት ለመቀያየር ከሆነና ኮዱ ንጹሕ ፓይተን ከሆነ፣ ግራልፓይ። ስክሪፕቱን የሚጽፉት ሰዎች ፓይተን መሆኑ ግድ ካልሰጣቸው በዚያው በግራል ላይ ያለውን ጃቫስክሪፕትም አስቡ፤ ከፓይተኑ ይልቅ የበሰለ ነው። ከጃቫ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ብቻ አንድን የስክሪፕት ሞተር መምረጥ ግን ጥበብ አይደለም። ናስሆርን (የጃቫስክሪፕት ሞተር) በ2014 ከጃቫ 8 ጋር መጥቶ በ2020 በጃቫ 15 ወጥቷል፤ በላዩ የተሠራው ሁሉ መሰደድ ነበረበት።

ከባድ የቁጥር ሥራ ከትልልቅ አሬይ ጋር ከሆነና የጄቪኤሙ መውደቅ የሚታገሥ ከሆነ፣ ጄፕ። ፓይተን መሪ ሆኖ አንድ የጃቫ ላይብረሪ ከፈለገ፣ ጄፓይፕ። ጥቂት ትእዛዝ ለሚሰጥ ግንኙነት ፓይፎርጄ ይበቃል። መቆም የማይችል ሲስተም ላይ ነምፓይም ፓይቶርችም ካለ፣ ያለ ጥርጥር የተለየ ፕሮሰስ ወይም ሰርቪስ። ምን እንደምትፈልጉ ገና ካልለየላችሁም ከተለየ ፕሮሰስ ጀምሩ፤ በጄሰን የተነደፈ ድንበር በኋላ ወደ ጄፕም ወደ ግራልፓይም በቀላሉ ይገባል፤ ከተዋሐደ ኮድ ተነሥቶ መለያየት ግን ብዙ ወራት ይበላል።

አሁን ጃይተን ላይ ያላችሁ ደግሞ ሽግግሩን እዚያው ጃይተን ውስጥ ጀምሩት። በፓይተን 2.7 ሰባት ለሁለት ሲካፈል 3 ነው፤ በፓይተን 3 ግን 3.5 ነው። የወለድ ወይም የኮሚሽን ቀመር በዚህ ልዩነት ምንም ሳይጮኽ ውጤቱን ይቀይራል። ስለዚህ አዲሱን የማካፈል ሕግ በፊውቸር ኢምፖርት በየፋይሉ አብሩ፤ ሆን ተብሎ ሙሉ ቁጥር በሚፈለግበት ቦታ ድርብ የማካፈል ምልክቱን (//) ተጠቀሙ፤ ቴስቶቹ እስኪያልፉም አትውጡ። ግራልፓይ የጃይተንን ባሕርይ በከፊል የሚያስመስል አማራጭ አለው፤ ከጃቫ ክላስ መውረስና የጌተር ሴተር አቋራጮች ግን በሙሉ እንደነበሩ ይሠራሉ ብላችሁ አትገምቱ፤ በግልጽ የሜተድ ጥሪ ተኳቸው። ከዚያ በትሬድ የሚሮጡትን ስክሪፕቶች ለይታችሁ በአዲሱ ላይ ለብቻቸው መዝኑ፤ ጊል የሚጠብቃቸው እዚያ ነው።